ከአሰብ ለሚመጣው የተጠመቀ ስዋ

ቅዳሜ ከስድስት ሰዓት በፊት ቢራ የሚጠጣ ሰው ሰካራም ይባላል፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ የማይጠጣ ደግሞ ወይ ታሟል ወይ ሚስቱ አጠገቡ ናት። ይህ ሕግ አስመራ ውስጥ የትም አልተጻፈም፤ እኛ ሦስታችን ግን ከዐሥርቱ ትእዛዛት ይልቅ እሱን እናከብር ነበር።

ሦስታችን ስል፣ አንዱ እኔ ነኝ። በዓኽርያ መስመር አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ነበርኩ። በቀን አርባ ሺህ ሰው በክርኑ ስለሚደቁሰኝ፣ ቅዳሜ ሲደርስ ጎድኔ እንደ አሮጌ ቆርቆሮ ተጨራምቶ ነበር የሚያድረው። ሁለተኛው ብረት በያጅ ነው፤ ዓኽርያ ውስጥ ከቤቱ ጋር የተያያዘ ወርክሾፕ ነበረው። ሦስተኛው የፋርማሲ ሠራተኛ ነው፤ ነጩን ጋዋን ካላወለቀ የማይስቅ፣ ካወለቀም በኋላ ለመሳቅ ሩብ ሰዓት የሚፈጅበት ሰው።

ቅዳሜ በየተራ ነበር። ተራው የደረሰ ሰው ወደሚወደው ቦታ ይመራል፤ ሌሎቹ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ሳይጨርሱ ማማረር አይችሉም። የእኔ ቦታ ዋናው ጎዳና፣ ኮምቢሽታቶ ላይ ነበር፤ ቆመው የሚጠጡበት፣ ድራፍቱ የሚቀዳበት። ያገሬ ሰው ስለዚያ ድራፍት አረፋ ብነግረው አያምነኝም፤ አንድ ቀን ዝንብ አርፋበት፣ እግሯ ሳይርስ፣ ከዳር እስከ ዳር ተራምዳ ስትሻገር በዓይኔ አይቻለሁ። የፋርማሲው ሰው ማይ ጭሆት ይወስደናል። ሦስት ጠረጴዛ ብቻ ያለበት፣ ጸጥ ያለ ግቢ ነው። ጠርሙሱን ከመክፈቱ በፊት ጉንጩ ላይ አስደግፎ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ከዚያ ለባለቤቷ፣ «ሁለት ደቂቃ ይቆይ፣ ቀዝቅዟል» ይላታል። ቢራን እንደ ክትባት ነው የሚያየው፤ ትንሽ ከሞቀ ተበላሸ፣ ትንሽ ከቀዘቀዘ አይሠራም።

በያጁ ግን የሚወደው ጨለማ ነው። ሳምንቱን ሙሉ እሳት ሲያይ የሰነበተ ዓይን ቅዳሜ መስኮት ማየት አይፈልግም። ከዓኽርያ የመጨረሻው ፌርማታ አጠገብ መስኮት የሌላት አንዲት ቡና ቤት ነበረች፤ እዚያ ገብተን ግድግዳውን እየዳበስን እንቀመጣለን። ቢራውን ከጠርሙሱ ይጠጣል፤ ግብጦ እያላጠ ቅርፊቱን በሥርዓት ይደረድራል። ብርጭቆ ስናቀርብለት፣ «ኣይፋል፣ ጠርሙሱ ምን አጠፋ?» ይለናል።

ታጋዮቹ ወደ ከተማዋ የገቡ ሰሞን ቢራ የት እንደምንጠጣ ያስጨነቀው ሰው አልነበረም። አስመራ ጎዳና ላይ ነበር የምታድረው። እናቶች ከመኪና ላይ የሚወርደውን ባለጎፈሬ ሁሉ ያቅፋሉ፤ የራሳቸው ይሁን የጎረቤት በኋላ ነው የሚለዩት። በያጁም ከመኪና መኪና ሲሮጥ ሰነበተ። አንድ ልጅ ነበረው፤ አንድ ብቻ። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ አንድ ማለዳ ከቤት ወጥቶ ሜዳ ገብቶ፣ ታጋይ ሆኖ ነበር። ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም።

አንደኛው ዓመት አለፈ፤ ልጁ አልመጣም። ሁለተኛው ተጋመሰ፤ አልመጣም። ሄዶ በጠየቀበት ቢሮ ሁሉ፣ «ታገሡ፣ ይጣራል» ነው መልሱ። ሞቷል ያለ የለም፤ አለ ያለም የለም። መጀመሪያ የሰፈሩ ሰው ባየው ቁጥር፣ «ወሬ አለ?» ይለው ነበር። ከዚያ መጠየቃቸውን ተዉ። አለመጠየቃቸው ይበልጥ አጎበጠው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቢራውን ያጋምሳል፤ ቆይቶ ጥቂት ተጎንጭቶ ይተዋል። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ፣ በእኔ ተራ፣ ኮምቢሽታቶ ቆመን፣ ያ ዝንብ የሚሸከም አረፋ ፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሲሞት ዝም ብሎ አየው።

«ዓርከይ፣ ይህ ቢራ ምን በድሎህ ነው?» አልኩት።

«ምንም አልበደለኝም። ከእንግዲህ ግን ቅዳሜ አትጠብቁኝ።»

«ለምን?»

«እዚህ ቆሜ ስጠጣ ልጄን የረሳሁት ይመስለኛል። ሰውም እንደዚያ የሚለኝ ይመስለኛል።»

የፋርማሲው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፤ የሚለው ግን አጣ። እኔ መቼ አጥቼ አውቃለሁ! ከእናቴ ማኅፀን ስወጣ እንኳ አዋላጇን አስቄ ነው የወጣሁት ይባላል፤ ያልኩትም እኔው ነኝ።

«አንተ እዚህ ታለቅሳለህ፣ ልጅህ አሰብ ላይ ይጠጣል!» አልኩት።

ቀና አለ። ዓይኑን ሳየው ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም።

«ትናንት አንድ ታጋይ አውቶቡሴ ላይ ተሳፍሮ ነበር። ከአሰብ ነው የመጣሁት አለኝ። ስሙን ጠርቼ ጠየቅኩት። እንዴ፣ የፊት ጥርሱ የተሸረፈው? አለኝ። ወደብ ላይ ነው ያለው፣ ዕቃ የሚያወርዱትን ይቆጣጠራል። እዚያ አገር ሙቀቱ ጉድ ነው አሉ፤ የቢራው ቆብ ሰው ሳይነካው ጷ! ብሎ ይበራል፤ ልጅህ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል አሉ።»

ጥርሱ በእውነት የተሸረፈ ነበር። ከእኛ በር ፊት ለፊት ከብስክሌት ወድቆ ሲሸረፍ ያየሁ እኔ ነኝ። ውሸት እንዲህ ነው፤ አንድ እውነተኛ ጥርስ ካበጀህለት ይናከሳል።

በያጁ ብርጭቆውን አነሣ። በአንድ ትንፋሽ ጨልጦ አስቀመጠው፤ አረፋው ጢሙ ላይ እንዳለ ግንባሬን ሳመኝና ሮጦ ወጣ። ሲሮጥ ያየሁት ከመኪኖቹ ወዲህ ያን ጊዜ ነው። የፋርማሲው ሰው ጠርሙስ እንደሚመረምር አድርጎ ተመለከተኝ።

«ታጋዩ ማን ነው?»

«የትኛው ታጋይ?» አልኩት።

ብርጭቆውን ሳይጨርስ ወጣ። እኔም የቀረኝን አልጠጣሁትም፤ የቅዳሜው ሕጋችን በዚያ ቀን ፈረሰ።

በማግስቱ እሑድ ነው፤ እነግረዋለሁ ብዬ ወደ ዓኽርያ ሄድኩ። በመንገዴ ሁሉ ቃሉን አሰናዳሁ፦ ቀልድ ነበር፣ እንድትጠጣልኝ ብዬ ነው፣ በእግርህ ርገጠኝ። ግቢው ስደርስ የጌሾ ሽታ ተቀበለኝ። ሚስቱ ልብሷን ሸብ አድርጋ፣ እስከ ክርኗ ድፍድፍ ውስጥ ገብታ፣ እኛ ስዋ የምንለውን ጠላ ትጠነስሳለች። ስታየኝ እጇን ሳትታጠብ መጥታ አቀፈችኝ፤ ሸሚዜ ጀርባ ላይ ዐሥር ጣቷ ታተመ።

«ሓወይ! አፍህ አይድረቅ! ከስቷል አሉህ ወይስ ወፍሯል?»

በድፍድፍ እጇ ላቀፈችህ ሴት፣ «ውሸቴን ነው» ማለት ቀላል የሚመስለው ሰው ካለ፣ መጥቶ ያሳየኝ።

«ወፍሯል» አልኳት። «በር ላይ በጎኑ ነው የሚገባው አሉ።»

ሳቀች። ያቺ ሴት ጥርስ እንዳላት ረስቼው ነበር።

ስዋ እንደ ጠርሙስ ቢራ ቁጭ ብሎ እንግዳ አይጠብቅም። ሲደርስ ለጥቂት ቀናት ይጣፍጣል፤ ከዚያ መኮምጠጥ ይጀምራል፤ ከዚያ አህያም አትጠጣውም። እሷ ደግሞ ልጄ ድንገት መጥቶ የኮመጠጠ አይቀምስም ብላ ወሰነች። ስለዚህ ስዋው መንፈሱ ሊሄድ ሲል አዲስ ትጠነስሳለች፤ አሮጌውን እንድንጨርስላት እኔንና የፋርማሲውን ሰው ታስጠራናለች። የቅዳሜ ተራችን በዚህ ቀረ። ኮምቢሽታቶም ማይ ጭሆትም ቀሩ፤ በየሁለት ሳምንቱ በበያጁ ግቢ፣ የብረት ቁርጥራጭ መሀል ተቀምጠን፣ ለሌላ ሰው የተጠመቀ ስዋ በጣሳ እንጠጣለን። በያጁ ራሱ ደስተኛ ነበር፤ በራሱ እጅ ይቀዳልናል። ቀይ ባሕርን የሚያህል ስዋ ጠጥቻለሁ ብል ይህ ብቻ ማጋነን አይመስለኝም። እያንዳንዱ ጣሳም ከእናቲቱ ጥያቄ ጋር ነው የሚመጣው።

«ያ ታጋይ ዳግም አልተሳፈረም?»

«ተሳፍሯል።»

«ምን አለህ?»

«ልጅሽ ወደ ደሴቶቹ ተልኳል አለኝ። ለትንሽ ጊዜ ነው።»

ደሴቶቹን የፈጠርኩት በያጁ አሰብ ድረስ እሄዳለሁ ብሎ ስንቅ ማዘጋጀት ሲጀምር ነው። የበረሃውን መንገድ ሄዶ፣ ወደቡን በር በር እያንኳኳ ሲዞር በዓይነ ሕሊናዬ አየሁት። ለምን አይጽፍም ስትለኝ ደግሞ እጁን ብረት መትቶት ነበር አልኳት። አለቀሰች። ወዲያው አዳንኩት። አንድ ጊዜ ማጨት ፈልጓል አልኩ፤ እናቲቱ ልጅቷ የማን ልጅ እንደሆነች ስትጠይቀኝ፣ ለራሴ ፈጠራ ዘር ማንዘር ስቆጥር አመሸሁ። የፋርማሲው ሰው ጣሳውን እያየ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ይቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ከግቢው ስንወጣ ብቻ፣ «መጠኑን አልፈሃል» አለኝ። «ከዚህ በኋላ መርዝ ነው።»

«ልጁ ከመጣ ማን ይጠይቀኛል?» አልኩት። ይህን ያልኩት ከልቤ ነው። ከብዙ መናገር የተነሣ፣ ሌሊት ሌሊት እኔም እጠብቀው ጀምሬ ነበር።

አምስት ወር በዚህ ሄደ።

በእኛ አገር መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው፤ ባለቤቶቹ እሳት ሳያነዱ፣ እህል ሳይቀምሱ። ነጋሪዎቹ ዘለው ወደ ሟቹ ቤት አይሄዱም፤ በዋዜማው የቅርብ ወዳጅ ጠርተው ይነግሩታል፣ በማግስቱ እሱን ከፊት አድርገው ይገባሉ። አንድ ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ ሁለት ሽማግሌዎች ቤቴ ተቀምጠው አገኘሁ። ሻሂ ቀርቦላቸው አልነኩትም። ባልጠራቸውም ለምን እንደመጡ ወንበሩ ላይ አቀማመጣቸው ነገረኝ።

«የቅርብ ወዳጁ አንተ ነህ አሉን» አለ ትልቁ።

«እወ፣ እኔ ነኝ።»

ከቢሮው የተሰጣቸውን ወረቀት አሳዩኝ። ልጁ የተሰዋው ነጻነቱ ሊመጣ ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው። እኔ አሰብ ላይ ቢራ ሳጠጣው፣ ሳወፍረው፣ ሳጭለት፣ እሱ አፈር ከገባ አራት ዓመት ሊሆነው ነበር።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ገባን። በያጁ በሩን ከፍቶ እኔን ከፊት፣ ሽማግሌዎቹን ከኋላ ሲያይ፣ ማንም አንዲት ቃል ሳይናገር በጉልበቱ ወደቀ። አባት ነው፤ ያን ሰዓት የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ያውቃል። ጎረቤት ሴቶች እሪታውን ሰምተው እያለቀሱ ገቡ። እናቲቱ ግን መሀል ቆማ፣ ሽማግሌው ወረቀቱን እስኪጨርስ በትዕግሥት ሰማችው።

«አባቴ፣ ተሳስታችኋል» አለችው በእርጋታ። «ይሄ የሌላ ሰው ልጅ ነው። አራት ዓመት ትላላችሁ፤ የእኔን ልጅ ዘንድሮ ያየው ሰው አለ።» ከዚያ በጣቷ አሳየችኝ። «እሱ ይንገራችሁ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አፌን ከፈትኩ። እግዚአብሔር ይይልኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ባዶ ነበር። ሽማግሌው ዝምታዬን ሐዘን አድርጎ ወሰደውና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ዳሱ ተጣለ፤ ለቅሶ ደራሹ መጣ። ያለቀስነው ግን እኛ ነን እንጂ እናቲቱ አይደለችም። ነጠላዋን አላዘቀዘቀችም። ጸጉሯን አልፈታችም። ለልቅሶ የመጡትን ሴቶች፣ «እኅቶቼ፣ አታሟርቱብኝ፤ ልጄ ደሴት ነው ያለው» እያለች ከደጅ ትመልሳለች። አስለቃሿ ሁለት ጊዜ ጀምራ ሁለት ጊዜ አፏን ዘጋች። በጋኑ ውስጥ ደርሶ የነበረው ስዋ ለለቀስተኛው ሲቀዳ አይታ ደግሞ እንደ እብድ ጮኸች፦ «ማን ክፈቱት አላችሁ? የእሱ ነው!» ወንዶቹ ጣሳቸውን እንደያዙ መሬት መሬት አዩ። ሁለት ቀን እንዲህ ሆነ። ለልጁ ማንም ደንግጦ፣ ደረት መትቶ፣ ስሙን ጠርቶ ሊያለቅስለት አልቻለም፤ እናቱ አልፈቀደችማ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የፋርማሲው ሰው ዳሱ ውስጥ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

«ሌሊቱን አልተኛችም። ማታ ልብሱን እያጠበች ነበር» አለኝ። «መድኃኒቷ ያለው አንተ ጋ ነው። ወይ ትነግራታለህ ወይ እኔ እነግራታለሁ። ከእኔ ከሰማችው ግን ሁለተኛ ሰው ነው የሚሞትባት፤ አንተ።»

ከዳሱ እስከ ቤቱ በር ዐሥራ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። እኔ ግን አሰብ ድረስ በእግሬ የሄድኩ ያህል ደከምኩ። ሴቶቹ መንገድ ለቀቁልኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ያጠበችውን ሸሚዝ ታጣጥፋለች። ስታየኝ ፊቷ በራ፤ ያ ነው እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሣኝ።

«መጣህ፣ ሓወይ! ያን ታጋይ አገኘኸው? አምጣልኝ፤ ለእነዚህ ሰዎች በአፉ ይንገራቸው።»

«ታጋይ የለም» አልኳት።

«ሄደ?»

«አልነበረም። አንድም ታጋይ አልነገረኝም። አሰብን እኔ ነኝ ያልኩት። ደሴቶቹንም። እጁንም። ባልሽ ቢራውን እንዲጠጣ ብዬ ነው የጀመርኩት፤ ከዚያ ማቆም አቃተኝ።»

ሸሚዙን አጣጥፋ ጨረሰች። ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ልጅቷስ?»

«እሷም የለችም።»

«መወፈሩስ?»

«ኩሉ ሓሶት እዩ» አልኳት፤ ሁሉም ውሸት ነው። እዚህ ላይ ስደርስ አማርኛዬ ይከዳኛል።

በሩ ላይ ጥላ አጠላ፤ በያጁ ነው። ከመቼ ጀምሮ ቆሞ እንደሰማ አላውቅም። በእጁ ስዋ የቀዳበት ጣሳ ነበር። ይወረውርብኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢወረውረው ዕፎይ ባልኩ። አልወረወረውም። ዞሮ ወደ ዳሱ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከእኔ ጋር አንድም ቀን ጠጥቶ አያውቅም።

እሷ ግን አላባረረችኝም።

«አሁን አንድ ነገር ንገረኝ» አለች። «ሳትጨምርበት። አንተ ራስህ፣ በዓይንህ፣ ልጄን መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?»

አሰብኩ። «የወጣ ዕለት ጠዋት። አውቶቡሴ ላይ ተሳፍሮ ነበር። ወደ ሜዳ እንደሚሄድ አላወቅኩም።»

«ምን አለህ?»

እዚህ ላይ ስንት ነገር ምላሴ ላይ መጣ! እናቴን አደራ አለኝ፤ አንገቴን አቅፎ ሳመኝ፤ እያለቀሰ ወረደ። አንዱን ብሰጣት ዕድሜዋን ሙሉ ይዛው ትኖር ነበር።

«ምንም አላለኝም። ከፌርማታው ገባ። በሩ አጠገብ ቆመ። ገበያው ጋ ወረደ።»

«ቦታ አላገኘም?»

«አግኝቶ ነበር። ለአንዲት ሴት ለቀቀላት።»

«ሹራቡን ለብሶ ነበር? ጠዋቱ ብርድ ነበር።»

«ለብሶ ነበር።»

«የትኛውን? ቡናማውን ወይስ እኔ የሠራሁለትን?»

«አላስታውስም» አልኳት።

አንገቷን ነቀነቀች። አመነችኝ። ከዚያ እጇን ወደ ጸጉሯ ሰድዳ ሹሩባዋን አንድ በአንድ መፍታት ጀመረች፤ ከውጭ ያሉት ሴቶች አይተዋት፣ እያለቀሱ ገቡ።